ሙሴ አንዶኒ ከሲኦል ያመጡት ወይን

ሌላው አካላቴ ሁሉ ከሥራ ሲሰናበት ቆዳዬ ብቻ በስተርጅና አዲስ ሥራ ጀመረ፤ ማሳከክ። የልጅ ልጄ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ጀርባዬን እንደ አሮጌ ካርታ ሲመረምር ቆየና የእርጅና ነው፣ ቅባት ይቀቡ ብሎ ሸኘኝ። መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ብልቃጡን ስታቀብለኝ ፈገግ አለች።

«ማለቴ፣ አባባ፣ ትንሽ ይሸታል። ድኝ አለበት። በቃ ቻል ያድርጉት» አለችኝ።

ቻል ማድረግ የሚባለው ነገር ደግሞ ከፍጥረቴ ጀምሮ አልተሰጠኝም። ሚኒባስ ውስጥ ገና እንደተቀመጥኩ ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። ረዳቱ ወዲያው መስኮቱን በረገደው። ተሳፋሪው በሙሉ ዞሮ እኔን አየ። ሽማግሌ ስትሆን ታክሲ ውስጥ ለሚሸተው ነገር ሁሉ ተጠያቂው አንተ ነህ፤ ብትምል ብትገዘት የሚያምንህ የለም። ያን ዕለት ግን እውነትም እኔው ነበርኩ። ስታዲየም ወርጄ የላንቻ ታክሲ መያዝ ሲገባኝ ሽታው ልቤን ይዞት ሄደና ካዛንቺስ ላይ «ወራጅ አለ» አልኩ። ረዳቱ ምስጋናውን በፊቱ ገለጸልኝ።

ካዛንቺስን ሰሞኑን ያየ ያውቃል። እኛ ያደግንበት መንደር ሰፊ መንገድ፣ የመብራት ምሰሶና የብስክሌት መሄጃ ሆኗል። ያምራል፤ መዋሸት አልፈልግም። ችግሩ የኔ ነው፤ እኔ ቦታ የማውቀው ከወፍጮ ቤቱ በቀኝ፣ ከቦዩ በግራ እያልኩ ነው። ወፍጮ ቤቱም ቦዩም የሉም። በግምት ወዲህ ስል ወዲያ ስል፣ የሙሴ አንዶኒ ወይን የነበረበት ቦታ በትክክል የብስክሌት መንገዱ መሀል ላይ ዋለብኝ። እዚያው ቆሜ ብልቃጤን ከፈትኩ። አንድ ወጣት በብስክሌት እየከነፈ መጥቶ ደወሉን አንጫረረና ፊቴ ቀጥ አለ።

«ፋዘር፣ መንገድ ላይ እኮ ነዎት» አለኝ።

ልጁ ምን ያውቃል። እኔ የቆምኩት የሲኦል ደጃፍ ላይ ነበር።

ግቢያችን ጣሊያን ሠርቶ ከተዋቸው ቤቶች የአንዱ ነበር። ትልቁ ቤት ውስጥ ሙሴ አንዶኒና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች፣ ከአንዲት ልጃቸው ከኤሌኒ ጋር ይኖራሉ። ከጓሮ በተደረደሩት ክፍሎች አንዱን እኔና እናቴ፣ አንዱን እማማ ጥሩነሽ ከነዶሮዎቻቸው ተከራይተናል። ሙሴ አንዶኒ ግሪክ ናቸው። ሥራቸው የውሃ ፓምፕ መጠገን ስለነበር ሳምንቱን በአዋሽ በኩል ባሉ እርሻዎች ሲዞሩ ይሰነብቱና ቅዳሜ ግራሶ የጠጣ ቱታቸውን ለብሰው ይመለሳሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የጎደለው። «እርስዎ» የሚለውን ቃል ወይ አልሰሙትም ወይ አላመኑበትም። ለሚኒስትርም ለቄስም «አንተ» ነበር የሚሉት፤ ማንም አይቀየማቸውም።

ይህ በሆነበት ዓመት እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የኔታ ስለ ሲኦል ሲያስተምሩን አንድ ሁለት ጊዜ ሄደው ያዩት ያህል ነበር። እሳት ነው አሉን። ድኝ ይሸታል። ጠብታ ውሃ የለም፤ ያ ባለጸጋ እንኳ ምላሱን የሚያርስበት ለምኖ አጥቷል። ይህን ተምሬ ወደ ቤት ስመለስ ሙሴ አንዶኒ ወይናቸው ላይ ቢጫ ዱቄት ይነሰንሳሉ። ምንድን ነው ብላቸው ድኝ ነው አሉኝ፤ ሻጋታ ይከለክላል፤ በእኔ አገር ሁሉም ሰው ቤት አለ።

አገራቸው የት እንደሆነ ጠየቅኩ። መጠየቄ ነው ጉዱ። ባሕር መሀል ያለች ደሴት ናት አሉኝ። ጥንት ተራራ ነበረች፤ ተራራው እሳት ተፋና መሀሉ ባሕር ውስጥ ሰመጠ፤ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነው፤ እኛ ጠርዙ ላይ እንኖራለን። አፈሩ አመድ ነው። እሳቱ አልጠፋም፤ ከሥር አለ፤ አንዳንዴ ይጨሳል። ወንዝ የለም፣ ምንጭ የለም፣ ዝናብም የለም ማለት ይቻላል።

የኔታ ያሉት ቦታ ይኸው ነው አልኩ በልቤ።

«እዚያ ብዙ ሰው አለ?» አልኳቸው።

«ብዙ። ዘመዶቼ በሙሉ እዚያ ናቸው።»

«ይቃጠላሉ?»

«በበጋ፣ በጣም።»

«እርስዎስ እንዴት አመለጡ?»

ሳቁ። «በመርከብ። ግን አንድ ቀን እመለሳለሁ። ሰው መጨረሻው ወደ አገሩ ነው» አሉኝ።

ያን ቀን ራት አልበላሁም። እናቴ ሆድ ቁርጠት መስሏት ጤና አዳም አጠጣችኝ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ እንዲህ ያለ ምሥጢር የያዘ ልጅ በሰፈሩ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ትንሽ ኩራትም ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ሙሴ አንዶኒን መከታተል ያዝኩ። ይበላሉ፣ ያፏጫሉ፣ ከረሜላ ይሰጡኛል። ከሲኦል ለመጣ ሰው ጠባያቸው በጣም ደግ ነበር። እንዲህ ያሉ ሰው ወደዚያ ተመልሰው መሄዳቸው አሳዘነኝ።

ወይኑም እንደ ባለቤቱ እንግዳ ነበር። በደሴቲቱ ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ወይን ቀና ብሎ አያድግም። ሐረጉን መሬት ላይ ክብ አድርገው እንደ እንቅብ ይጠመጥሙታል፤ ፍሬው እንቅቡ ውስጥ ተሸሽጎ ያድጋል፤ ሌሊት ከባሕር የሚነሣውን ጉም ጠጥቶ ያድራል። ካዛንቺስ ባሕር የለም። ነፋሱም የዝናብ ማስታወቂያ ከመሆን አያልፍም። ያለው ክረምት ነው። ሙሴ አንዶኒ ግን ኤሌኒ በተወለደች ጊዜ ከአገራቸው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጡትን ቁራጭ ተክለው፣ ልክ እንደ አባታቸው ጠምጥመው መሬት ላይ አስቀመጡት። በየክረምቱ እንቅቡ ውሃ ያቁራል፤ ፍሬው ይሻግታል። ከክረምት የተረፈው ለእማማ ጥሩነሽ ዶሮዎች ነው። ዶሮዎቹ ለእነሱ የተሠራ ጎጆ መስሏቸው ይተኙበታል፣ እንቁላል ይጥሉበታል፣ ባጠገባቸው ያገኙትን ዘለላ ይለቅማሉ።

እማማ ጥሩነሽም እንደ ዶሮዎቻቸው ነበር የገባቸው። ሙሴ እኮ ለዶሮዎቼ ቤት ሠሩልኝ እያሉ ይመርቋቸዋል፤ እንቁላል በተጣለ ቁጥርም ድርሻቸውን ይልኩላቸዋል። እማማ ጥሩነሽ እንዲህ ነበሩ። የሰው ሥራ ሲያዩ አስቀድሞ የሚታያቸው በጎው ነው፤ የቀረውን ለመጠየቅ ጊዜ አይኖራቸውም። ሙሴ አንዶኒም እንቁላሉን ይበሉና ስለ ወይናቸው በግሪክኛ ለብቻቸው ያማርራሉ።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን መሰላችሁ? በአገራቸው ሴት ልጅ የተወለደችለት አባት ለሰርጓ ቀን ወይን ሊያዘጋጅ ቃል ይገባል። ደግሞ ዝም ብሎ ወይን አይደለም። ዘለላው ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሲጨማደድ ይጨመቃል፤ ጭማቂው በርሜል ገብቶ ይወፍራል። «መጀመሪያ ማር ነው» ይሉኝ ነበር ሙሴ አንዶኒ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው። «መጨረሻ ላይ አመዱ ይመጣል። አመዱ ካልመጣ የእኛ ወይን አይደለም።» የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የምትጠጣው ሙሽራዋ ናት። ባዶ በርሜል ይዞ ልጁን የሚድር አባት የደሴቱ መሳቂያ ነው። ካዛንቺስ ውስጥ የሚስቅባቸው የአገራቸው ሰው አልነበረም፤ ግን በርሜሉ ጓዳ ተቀምጦ በየዓመቱ ያያቸዋል።

ኤሌኒ ያኔ አድጋ አስተማሪ ሆና ነበር። ቢሮ የሚሠራ አንድ ጨዋ ልጅ ሽማግሌ ላከ። ሰርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ። እትዬ ዘነበች ልጄ በተክሊል ነው የምታገባው አሉ፤ ሙሽሮቹ ዘውድ ደፍተው፣ አብረው ቆርበው። ሙሴ አንዶኒ በሌላው ሁሉ ተስማምተው አንድ ነገር ብቻ ለመኑ፤ የሰርጉ ቀን ኤሌኒ ወይናቸውን ትቅመስ። ሰዓሊተ ምሕረት፣ የቱን ወይን? ያን ክረምትም እንቅቡ ውስጥ የነበረው ሻጋታና አንድ እንቁላል ነው።

ያኔ ነው እትዬ ዘነበች የተነሡት። መስከረም ላይ ሙሴ አንዶኒ አዋሽ በሄዱበት ሳምንት አንድ ሠራተኛ ጠርተው ባሕር ዛፍ አስቆረጡ፣ ዳስ አስተከሉ፣ ወይኑን ከመሬት ፈትተው ወደ ላይ አወጡት። እኔ ሐረጉን በሲባጎ አሥሬያለሁ፤ ሲፈታም ደግሜ የማሥረው እኔ ነበርኩ። ቅዳሜ ሙሴ አንዶኒ መጡ። ዳሱን ዞሩት። እንደ ገና ዞሩት።

«ነፋስ ይወስደዋል» አሉ።

«የየት አገር ነፋስ?» አሉ እትዬ ዘነበች። «አንተ አንዶኒ፣ ዕድሜ ልክህን ነፋስ ስትጠብቅ ክረምት በላህ። አገሩን ይልመድ እንጂ።»

 ሙሴ አንዶኒ ያን ሳምንት አሮጌውን ሐረግ ገረዙት፤ ከዚያ በየቅዳሜው ከሚስታቸው ተደብቀው ዳሱን ይገፉና ጥንካሬውን ይሞክራሉ። ወይኑ ምን ሆነ መሰላችሁ? የካቲት ላይ ከዳሱ ሥር ቀና ብሎ መሄድ እስኪያቅት ድረስ ዘለላ በዘለላ ሆነ።  እትዬ ዘነበች ሥሩ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ከንግግር የባሰ ነበር።

እኔ ዘበኛ ተደርጌ ተሾምኩ። መሣሪያዬ አንድ ወንጭፍና የምመታው ቆርቆሮ ነበር። ወፎቹ መጀመሪያ ፈሩኝ፤ በኋላ ለመዱኝ፤ በመጨረሻ ወንጭፌን ስፈታ ጭንቅላቴ ላይ ለማረፍ የሚያስቡ ይመስሉ ነበር። የወንጭፌ ድንጋይ አንድ ጊዜ የመታው ቢኖር የእማማ ጥሩነሽን አውራ ዶሮ ነው፤ እሱም በዘበኝነት ሊረዳኝ የመጣ ነበር።

ሁዳዴ ገብቶ ነበር ሙሴ አንዶኒ ዘለላውን የቆረጡት። በሳንቃ ላይ ሰሌን አንጥፈው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ያን ቅዳሜ ደግሞ በርሜሉን ከጓዳ አውጥተው አጠቡትና ውስጡ ድኝ አቃጠሉ፤ በርሜል እንዲህ ነው የሚጸዳው። እኔ ይህን አላውቅም። የማየው ሰማያዊ እሳት ነው፤ የሚሸተኝ የኔታ የነገሩን ሽታ ነው፤ ሙሴ አንዶኒ ደግሞ ጭንቅላታቸውን በርሜሉ ውስጥ ከትተው ያስላቸዋል። መንገዱን አገኙት አልኩ። ሊሄዱ ነው። እየጮህኩ እማማ ጥሩነሽ ቤት ገባሁና ምሥጢሬን በሙሉ ዘረገፍኩት።

እማማ ጥሩነሽ አልሳቁብኝም። ሲኦል የሚለውን ለልጅነቴ ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ዘቢቡ ለምንድን ነው? ለኤሌኒ ሰርግ ነው አልኩ፤ ስትወለድ ቃል ገብተውበታል። ይህን ስሰማቸው የኖርኩት ነው፤ አልዋሸሁም። የእማማ ጥሩነሽ ፊት በራ። አባት ስለ ልጁ ቃል ገባ። ልጅቱ ለወግ ለማዕረግ በቃች። አባት ደግሞ ወይን አድርቆ ዘቢብ አደረገ። በእማማ ጥሩነሽ ዓለም ዘቢብ የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተልሔም፣ ለቁርባኑ ወይን። ሌላ መንገድ የለውም። ስለቱን ሊያደርሱ ነው፣ አንተ ሞኝ አሉኝ። ስለቱን ያደረሰ ሰው ደግሞ የትም አይሄድም።

ከትከሻዬ ላይ ድንጋይ ወረደልኝ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሰማዩ በቄራ በኩል ጠቆረ። የበልግ ዝናብ ነው። እትዬ ዘነበችና ኤሌኒ ለሰርጉ ጨርቅ ሊገዙ መርካቶ ሄደዋል። እናቴ ሥራ ናት። ሙሴ አንዶኒ ገና ከአዋሽ አልተመለሱም። እማማ ጥሩነሽ ሰማዩን አዩ፣ ሰሌኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

የሰው ስለት ዓይኔ እያየ አይበሰብስም አሉ። ጆንያ አወጡ። እሳቸው ጆንያውን በጀርባቸው አዘሉ፤ እኔ የተረፈውን በእንቅብ ተሸከምኩ። መንገዱን በሙሉ ሮጥን ማለት እችላለሁ፤ እማማ ጥሩነሽ ሲሮጡ ያን ቀን አየሁ፣ ከዚያ ወዲያም አላየሁም። የቤተልሔሙ ቄስ በር ላይ ተቀበሉን። የማን ስለት ነው ብለው ሲጠይቁ እማማ ጥሩነሽ ትንፋሽ አጥሯቸው ስለነበር እኔ መለስኩ። ከሲኦል የመጡ ሰውዬ ናቸው አልኩ። እማማ ጥሩነሽ ቆነጠጡኝና፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ የግሪኩን የሙሴ አንዶኒን ስም አስመዘገቡ። ስንመለስ ዝናቡ ያዘን። ከራስ ጠጉራችን እስከ እግራችን ራስን፤ እማማ ጥሩነሽ ግን እየሳቁ ነበር፤ እኛ እንጂ እሱ አልረጠበም እያሉ።

ሙሴ አንዶኒም ደመናውን መንገድ ላይ አይተው ኖሯል። መኪናቸውን እያስጮኹ ደርሰው በሩን እንኳ ሳይዘጉ ወደ ሰሌኑ ሮጡ። ሰሌኑ ላይ ዝናብ ብቻ ነበር።

እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «ሙሴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ስለትዎ ደርሷል። አንዲት ፍሬ ሳትረጥብ ቤተልሔም አግብቼልዎታለሁ። ልጅዎን ይባርክልዎ።»

ሙሴ አንዶኒ እሳቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ ዘበኛቸውን።

«እኔም ተሸክሜያለሁ» አልኩ፤ በኩራት።

ምን ላድርግ? የተቀጠርኩት ከወፍ ልጠብቅ ነው። ከእማማ ጥሩነሽ ጠብቅ ያለኝ የለም።

ሙሴ አንዶኒ ዝናቡ ውስጥ ሳንቃው ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻል ነበር። ውሃ የሞላ እንቅብ ይመስሉ ነበር። እማማ ጥሩነሽ የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸው ምኑ እንደሆነ ግን አልገባቸውም፤ እትዬ ዘነበች ከመርካቶ ሲመለሱ ነው ሁሉንም ያስረዷቸው። ያን ጊዜ እማማ ጥሩነሽ ደጃፋቸው ላይ ኩርምት አሉ። ዶሮዎቼን በሙሉ ውሰዱ አሉ። ቤቴን እለቅላችኋለሁ አሉ። በመጨረሻ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉና «የሰው ሰርግ አፈረስኩ» አሉ።

ሙሴ አንዶኒ ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ አሉ። እትዬ ዘነበች ለእግዚአብሔር የተሰጠ ነገር ሲመለስ አይተው እንደማያውቁ ነገሯቸው። እሄዳለሁ ካልክ ግን አንተው ሂድ፤ እኔ በዚህ ፊቴ አልለምንም አሏቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሙሴ አንዶኒ ጥቁር ሱፋቸውን ለብሰው ሄዱ። የቤተልሔሙን በር የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እጃቸውን ይዤ መራኋቸው። እውነቱን ለመናገር ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ሲደርሱ ምን እንደሚሆኑ ማየት እፈልግ ነበር። ምንም አልሆኑም። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ አንደኛው ካልሲያቸው የተቀደደ ነበር።

ቄሱ ስናንኳኳ ወጡ። እኔን አወቁኝና ሙሴ አንዶኒን ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ከሲኦል የመጡት እርስዎ ነዎት?» አሉ።

ሙሴ አንዶኒ የተጠየቁትን ሳይሆን ያሰቡትን ነበር የሚሰሙት። «ነኝ» አሉ። «ዘቢቡ የእኔ ነው።»

ቄሱ ገብተው ጭብጥ ሙሉ ይዘው መጡ። እኛ የምናውቀው ነጋዴ የሚያመጣልንን ነው፤ እንዲህ ሥጋ ያለው በእጄ ገብቶ አያውቅም አሉ። እዚሁ ካዛንቺስ በቀለ መባሉን እየተጠራጠሩ ዘቢቡን አገላበጡት። ሙሴ አንዶኒ ሁሉንም ነገሯቸው፤ ደሴቱን፣ ቃሉን፣ በርሜሉን፣ የመጀመሪያዋን ብርጭቆ። ቄሱ ሳያቋርጡ ሰሙ። ሰርጉ መቼ ነው አሉ። ለዳግም ትንሣኤ። ተክሊል ነው? ነው።

«እንግዲያው ሙሴ» አሉ ቄሱ፣ በቀስታ፣ «ልጅዎ ያን ቀን የእርስዎን በርሜል አትቀምስም ነበር። የቆረበ ሰው በዚያው ቀን መጠጥ አይጠጣም። የምትቀምሰው አንድ ወይን ብቻ ነው፤ እሱም የሚወጣው ከዚህ ቤት ነው።»

ሙሴ አንዶኒ የቄሱን ጭብጥ አዩ። እኔ ካልሲያቸውን አየሁ፤ አውራ ጣታቸው ወጥታ ታስብ ነበር።

«እስከዚያ ቀን ሌላ ዘቢብ አለህ?» አሉ።

«አለን።»

«እንግዲህ ይህን ደብቅ። ለዚያ ቀን።»

ቄሱ «አንተ» መባላቸውን የሰሙም አልመሰሉ። እደብቃለሁ አሉ።

ቤት ስንደርስ ሙሴ አንዶኒ ወደ ትልቁ ቤት አልገቡም። ቀጥ ብለው እማማ ጥሩነሽ ደጃፍ ሄዱ። እማማ ጥሩነሽ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሱም፤ ሲያዩአቸው ሊነሡ ሞከሩ።

«ተቀመጪ» አሉ ሙሴ አንዶኒ። «እንኳን አደረስሽልኝ። እኔ አላውቅም ነበር እንጂ ስለት ነበር።»

እማማ ጥሩነሽ አለቀሱ። ከዚያ ተነሥተው ድንጋይ የመታውን አውራ ዶሮ ለሙሴ አንዶኒ የፋሲካ ይሁንልዎ ብለው ሰጡ። ዶሮው እኔን ያየኝ ነበር።

የሰርጉ ቀን ጠዋት እናቴ እኔንም ልታቆርበኝ አጥባ፣ አስጹማ ወሰደችኝ። በመንገድ ሕጉን ነገረችኝ፤ ከቆረብክ በኋላ አፍህን በነጠላህ ትሸፍናለህ፣ አትተፋም፣ አትሮጥም፣ ማንንም አትስምም፣ ስለ ጣዕሙ ደግሞ አይወራም። ሙሴ አንዶኒ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ቆራቢ አልነበሩምና ውጭ ከዛፍ ሥር ቆመው ቀሩ። እኔ ተራዬ ሲደርስ የወይኑን ታሪክ በሙሉ እያሰብኩ ቀረብኩ። ከዚያ ቦታ የመጣ ወይን እዚህ ድረስ ከገባ ሙሴ አንዶኒ አይመለሱም፤ በቃ፤ በእኔ በኩል ነገሩ አልቆ ነበር።

ኤሌኒ ዘውዷን ደፍታ፣ ካባዋን ለብሳ፣ አፏን በነጠላ ሸፍና ወጣች። እልልታው ቀለጠ። ሙሴ አንዶኒ ሕዝቡን ገፍተው ፊቷ ቆሙ። አባት ልጁን የሚስምበት ቀን ነው፤ እሷ ግን መሳም አትችልም። ሊጠይቋት ይፈልጋሉ፤ እሷ ግን መናገር አትችልም። ዓይኗ ብቻ ሳቀ፣ ከዚያ እንባ አቀረረ። ለአባት ይበቃል። ለወይን ገበሬ አይበቃም። ሚዜዎቹ ይዘዋት አለፉ። ሙሴ አንዶኒ ዞር ዞር ብለው ፈለጉና እኔን አገኙ። ነጠላዬን በሁለት እጄ አፌ ላይ ጠፍሬ ይዤ ነበር። ፊቴ ተንበረከኩልኝ፤ ሱፋቸው አዲስ ነበር።

«ታዴ» አሉኝ። «ማሩ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

«አመዱስ? መጨረሻ ላይ አመዱ መጣ?»

ስለ ጣዕሙ አይወራም ተብያለሁ። ያን ጊዜም አላወራሁም፤ አሁንም እናንተ ስለጠየቃችሁኝ ብዬ አላወራም። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው፤ ራሴን ደግሜ ነቀነቅኩ። ሙሴ አንዶኒ እንደ ተንበረከኩ በአገራቸው አኳኋን አማተቡና፣ መሳም እንደማይቻል ረስተው፣ ኋላም አስታውሰው፣ የነጠላዬን ጫፍ ሳሙት።

ብስክሌተኛው ልጅ አሁንም ፊቴ ቆሟል። ይህ ሁሉ በእሱ ሰዓት አንድ ትንፋሽ አይሞላም። እኔ ብልቃጡን አፍንጫዬ ሥር ይዤ፣ ድኙ ጉሮሮዬ ድረስ ገብቶ፣ ለብቻዬ ራሴን እነቀንቃለሁ። ልጁ ይቅርታ የጠየቅኩት መስሎት እሱም ነቀነቀልኝ። ብልቃጤን ከደንኩና ከወይኑ ላይ ወርጄ አሳለፍኩት።